የማረቆ ጣዕም

ማረቆ ውስጥ በርበሬ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ጣዕሙ የቀረው ቺፕስ ላይ ብቻ ነው። ዞላ የተባለው የውጭ ኩባንያ «የማረቆ ጣዕም» እያለ በቀይ ላስቲክ ያሽገዋል፤ የዓለምን ሱቅ ሁሉ ሞልቶታል።

ብርቄ ግን ለአባቷ «በርበሬ አገኘሁልህ» ብላ ዋሽታለች። አቶ ኤርሲዶ ዕድሜያቸውን በሙሉ በርበሬ ሲያመርቱ ኖረው አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል። ለበዓሉ የለመኗት በማረቆ በርበሬ የተሠራ ወጥ ብቻ ነው።

ቺፕሱን ሙቀጫ ውስጥ ገልብጣ መውቀጥ ጀመረች። አባቷ የዘነዘናውን ድምፅ ሲሰሙ እንደ ድሮው ጋቢያቸውን ወደ አፍንጫቸው ሳቡ። ያኔ በርበሬ ሲወቀጥ እንኳን ቤተሰቡ ጎረቤቱም ያስነጥስ ነበር።

ብርቄ ወቀጠች። ቤቱ ዘይት ዘይት ሸተተ።

«ምነው ልጄ፣ ድሮ ቀድመሽ የምታስነጥሺው አንቺ አልነበርሽም?» አሉ አባቷ።

ብርቄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችና እንደምንም ብላ የውሸት አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። ከዚያ ጋቢውን ከአፍንጫቸው ላይ ገለጡና ተራቸው እስኪደርስ መጠበቅ ጀመሩ።