የአስማረ ልክ

ይመኙሽ መቀሱን ጨርቁ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ወፍራሙ ሰማያዊ ጨርቅ በጠረጴዛው ሙሉ ተዘርግቷል፤ ጠመኔ ግን አልነካውም። የካርቶን ልኮቹ፣ ትንሹም መካከለኛውም ትልቁም፣ ከጎኑ ተቀምጠዋል። አንዱን ታነሳለች፣ መልሳ ታስቀምጠዋለች፣ ሌላውን ታነሳለች።

“ምነው፣ መባረኩን እንኳ ለየኔታ ብትተይላቸው” አለቻት ስንዱ ከስፌት ማሽኗ ቀና ብላ። የሳቀላት አልነበረም፤ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ብቻ በሩ አጠገብ፣ ከታሰረው የልብስ ክምር ላይ እንደተቀመጡ ፈገግ አሉ።

አዘዞ ያለው ይህ ስፌት ቤት ቅዳሜ ከሰዓት የሚሠራው ያለ ክፍያ ነው። ክረምት ላይ ከአዲ አርቃይ በላይ ያለው ተረተር ተንዶ አንድ መንደር ከነማሳው ይዞ ወረደ። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው አዋጥተው ጨርቅ ገዙና ለተረፉት ልጆች ካፖርት ሊሰፉ ተስማሙ። የቤቱ ባለቤት እትዬ የትነበርሽም እናንተ አንድ ስትሰጡ እኔ አንድ እጨምራለሁ አሉ። ከዚያ ወዲህ ጨርቁ እየታጠፈ ነው የሚቆረጠው፤ የላዩ የሠራተኛው፣ የታቹ የእሳቸው። ከአንድ መቀስ የሚወጡትን ሁለት ካፖርቶች ስንዱ መንትዮች ትላቸዋለች።

ከተረፉት ልጆች አንዱ የይመኙሽ ነው። አስማረን ለእናቷ ትታ ለሥራ ወደ ጎንደር ስትመጣ መቀነቷ ላይ ይደርስ ነበር። ልታየው ስትል መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈት የመሳፈሪያው አልሞላ አላት፤ ሲሞላላት ደግሞ ተዘጋ። ናዳው በወረደ ዕለት አያትና ልጅ ቤተ ክርስቲያን ስለነበሩ ተረፉ። ደህና ናቸው የሚል ቃል በሰው በሰው ደርሷታል። ምን እንደሚመስል ግን የነገራት የለም። ልጁን የሚያስተምሩት መሪጌታም ልብሱን ሊረከቡ ከዚያ የደረሱት ገና ዛሬ ነው።

መቁረጥ ሥራዋ ነው። ሰው በበር ሲገባ ትከሻውን አይታ ልኩን ትናገራለች፤ ብዙ ጊዜም አትስትም። የራሷን ልጅ ልክ ግን አታውቀውም። በዕድሜው ቢሆን መካከለኛው ይበቃዋል። እዚያ ደጋ ላይ፣ በዚህ ዓይነት ዘመን፣ ልጅ በዕድሜው ልክ ያድጋል? አድጎ እንዲሆን ትመኛለች። ያለ እሷ እንዳያድግም ትመኛለች። ሁለቱ አብረው እንደማይሆኑ እያወቀች አንዱንም መተው አልቻለችም።

እትዬ የትነበርሽ መዘግየቷን አይተው መጡ። ጭነቱ ሰኞ ማለዳ እንደሚነሳ አስታወሷት። ነገሩ ሲገባቸውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልብሱ እዚያ በዕጣ እንደሚታደል፣ ለአንድ ልጅ ተለክቶ እንደማይቆረጥ ነገሯት። የእሷ ከጠበበ የእሳቸውም መንትያ አብሮ ይጠባል፤ ለሌላ ልጅም ላይሆን ይችላል።

ይመኙሽ ወደ በሩ ዞረች።

“የኔታ፣ አስማረ የት ደረሰ?”

የመሪጌታ ፊት በራ። ፊደል ጨርሶ ዳዊት መጀመሩን ነገሯት። ሸጋ ድምፅ እንዳለው፣ ቶሎ እንደሚይዝ፣ ሲሳሳት ግን እንደሚያኮርፍ ሁሉ አጫወቷት። እሷም እስኪጨርሱ ሰማቻቸው፤ አንዷን ቃል እንኳ ልታቋርጥ አልፈለገችም።

“ቁመቱን ነው፣ የኔታ” አለች በመጨረሻ። “ቁመቱ የት ደረሰ?”

“ቁመቱንማ ከኔ ይልቅ ይህ ያውቀዋል” አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። መሬት ላይ ቀጥ አድርገው አቆሙት። “ማኅሌት ሲቆም እሱ ገና የራሱ መቋሚያ ስለሌለው የኔን ይዞ ነው የሚቆመው። ሌሊቱ ሲረዝምበት ግንባሩን እዚህ ላይ ያስደግፍና ያንቀላፋል። እኔም እንዳይወድቅ ብዬ እንጨቱን አጥብቄ እይዝለታለሁ።”

አውራ ጣታቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ።

ይመኙሽ ከአንገቷ ላይ ሜትሩን አውርዳ ተንበረከከች። አንዱን ጫፍ ከመቋሚያው እግር ሥር በጉልበቷ ይዛ ሌላውን ወደ ላይ ሳበችው። ከዚያ ቆም አለችና ከግንባሩ እስከ አናቱ ምን ያህል እንደሚቀር ጠየቀች። መሪጌታ ጥቂት አሰቡ፤ ከአውራ ጣታቸው በላይ የሌላ እጃቸውን አራት ጣቶች ደረቡ።

“ከነፀጉሩ ነው?”

“ላጭቼዋለሁ፣ ልጄ።”

ከኋላዋ ጨርቅ ሲንኮሻኮሽ ሰማች። እትዬ የትነበርሽ የጨርቁን ጫፍ አንስተው ራሳቸው እጥፍ እያደረጉት ነበር። ሽብሽቡን በመዳፋቸው እያስተካከሉ፣ ለማንም ሳይሆን እንደሚናገር ሰው፣ “በዕጣም ቢሆን” አሉ፣ “ሁለት ሲሆን፣ አንዱ ቢስተው አንዱ ያገኘዋል።”

ስንዱ ማሽኗን አቆመች።

መሪጌታ ጣቶቻቸውን አነሱ። አውራ ጣታቸው በነበረበት ቦታ እንጨቱ ከሌላው ይልቅ ጠቆር ብሎ ያብረቀርቃል፤ ወዝ የጠጣ ይመስላል። ይመኙሽ ሜትሩን ልታነብ ጎንበስ አለች። አላነበበችውም። ሜትሩ ከእጇ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ፣ እሷም ዓይኗን ጨፍና ግንባሯን እዚያ ቦታ ላይ አስደገፈች።

መሪጌታ መቋሚያውን አጥብቀው ያዙላት።