አንተ ባይ

ግንቦት ላይ ታላቅ እህቱን ቀበረና «አንተ» የሚለው ሰው አለቀ። ልጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ በዕድሜ የማያንሱት የእድሩ ሰብሳቢ እንኳ «እርስዎ» ነው የሚሉት። ድሮ ይሄንኑ ነበር የሚመኘው። የመምሪያ ኃላፊ በሆነ ሰሞን አብሮ አደጉ ደምሰው በሠራተኛ ፊት «አንተ» ቢለው፣ «እርስዎ በል!» ብሎ አፈጠጠበት። እንደተኳረፉ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ።

እርጅና ቁጣውን አበረደለት። ያቺ አንዲት ቃል ምኔን ነክታኝ ነው እያለ ብቻውን ይስቅ ጀመር። አንድ እሑድ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ የደምሰውን በር አንኳኳ። ይስደበኝ፤ ብቻ «አንተ» ብሎ ይስደበኝ አለ በልቡ።

የደምሰው ልጅ ከፈተችለት።

«አባዬ ሰው መለየት ካቆመ ቆየ» አለችው። «ግን ይግቡ።»

ደምሰው እየተንገዳገደ ከወንበሩ ተነሣ። «ኖር፣ ጌታዬ!»

«በእግዜር፤ ተቀመጥ እባክህ።»

ደምሰው አልተቀመጠም። ፊቱን ትክ ብሎ አየና እጁን ያዘው።

«እርስዎን የሚመስል ጓደኛ ነበረኝ» አለ። «‹አንተ› ስለው ተቀየመኝ። ድንገት ካገኙት፣ ደምሰው ‹እርስዎ› ማለት ለምዷል ብለው ይንገሩልኝ።»