ባቡሩ የሚጮህበት ቦታ
ኦርኬስትራው የድሮውን የስዊንግ ዳንስ እየተጫወተ ድንገት ዝም አለ፤ በቀድሞው የባቡር ሠራተኞች ክበብ የሚደንሱት ሁሉ ባሉበት ቀሩ። «ተሳሳቱ እንዳይሉን፣ እማማ» አለች መሪዋ ኢፍራህ፣ ፊት ወንበር ላይ ወደተቀመጡት ወደ እማማ ዘነበች ጎንበስ ብላ። «ድሮ እዚሁ ክበብ በተቀዳው ካሴት ላይም እዚህ ጋ ያቆማሉ። ለምን እንደሆነ አላወቅንም።»

እሳቸው ያውቁ ነበር። ድሮ ባላቸው የሚነዳው ባቡር ከጅቡቲ ሲገባ ይጮህ ነበር፤ ያኔ ሙዚቀኞቹ ያቆሙላቸው ነበር፣ እሳቸውም ነጠላቸውን አንስተው ሊቀበሉት ይሮጡ ነበር። ባቡሩ ሳይጮህ ከቀረበት ምሽት ወዲህ ይህን ዳንስ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

ኢፍራህ እጇን ልታነሳ ስትል ከበሮ መቺው ከሩቅ ጩኸት ሰምቶ ወደ በሩ ዞረ።

«ባቡር አለ እንዴ?»

«የምን ባቡር? ሐዲዱ እኮ ሣር በቅሎበታል» ብለው ሌሎቹ ሙዚቀኞች ሳቁበት።

እማማ ዘነበች ግን ነጠላቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ።

«ለእኔ ነው፣ ልጄ» አሉት፤ «እናንተ ቀጥሉ።»