የጋሼ ኤርሳዶ ባርኔጣ

«ሥዕል ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ ኤርሳዶ፣ ፊልሙ ገና አንድ ደቂቃ ሳይሞላው።

ማይክራፎኑን ከአፌ ራቅ አደረግሁ። «የጃፓን ፊልም ነው፣ ጋሼ።»

«ፊልም ላይማ ሰው ነው የሚተውነው። ይሄን ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች አሳይ።»

ቪዲዮ ቤቱ ሳቀ። 1992 ዓ.ም. ነው፤ ሶዶ፣ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ። አግዳሚዎቹ ላይ ቅቤያቸውን ሸጠው የጨረሱ ሴቶች፣ አስተማሪዎችና ከተበላ ከተማ የመጡ ነጋዴዎች ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። እኔ ደገፉ፣ ተርጓሚው፣ ቴሌቪዥኑ ጎን ቆሜ በአማርኛ ጀምሬ በወላይትኛ እጨርሳለሁ። ጃፓንኛ የት አውቄ! ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ያመለጠኝን ከራሴ እሞላለሁ። የነቃብኝ ሰው የለም።

ያ ቤት ዛሬ የስልክ መሸጫ ሆኗል። ባጃጅ በፊቱ ይዞኝ ሲያልፍ አሁንም ዞሬ አየዋለሁ፤ ይናፍቀኛል።

ያን የጃፓን ፊልም ካሴት ብቻዬን ሦስት ጊዜ አይቼ ሦስቴም አልቅሻለሁ። የቤቱን ባለቤት ወይዘሮ ብርቄን፣ ይሄ ከየትኛውም ትልቅ ፊልም አያንስም ብዬ ስንት ቀን ለመንኳት። «እሺ» አለችኝ በመጨረሻ። «ጋሼ ኤርሳዶ ጥለው ከወጡ ግን ካሴቱ ወደ ልጆቹ ይሄዳል። አንተም ሁለተኛ ፊልም አትመርጥልኝም።»

ጋሼ ኤርሳዶ ኦቶና ሆስፒታል በድሬሰርነት ቁስል ሲያክሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የፊተኛው አግዳሚ የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ከወጡ ቤቱ ተከትሎ ይወጣል። ያን ሰፊ ግራጫ ባርኔጣቸውን ከጸሎትና ከቀብር በቀር አያወልቁትም። ከኋላቸው የተቀመጠ ሰው ግማሽ ፊልም ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ ደፍሮ የሚናገራቸው ግን የለም።

እንደዚያ ቀን ለፍቼ አላውቅም። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሽማግሌ አናጢ ከሚስቱ ጋር ሲነታረክ ሁለቱንም ሆንኩ። ሚስትየው ስትታመም ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«ሥዕል ደግሞ ይታመማል?» አለ አንድ ነጋዴ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ።

«የሳምባ ነው» አሉ ጋሼ ኤርሳዶ፣ ዞር ሳይሉ። «አተነፋፈሷን አታይም? ዝም ብለህ እይ።»

ሴትየዋ ሞተች። ሽማግሌው ሳጥኑን በገዛ እጁ ሠራ። የእኛን ዳሞታ በሚመስል ተራራ ሥር፣ መንደርተኛው ሬሳውን ተሸክሞ ቀስ እያለ መንገድ ጀመረ። ከሥር የሚነበብ ነገር አልነበረም። እንደለመድኩት ከራሴ ልሞላ አፌን ከፈትኩ፣ ቃል አጣሁ። ተርጓሚ ዝም ካለ ደግሞ ሰው መነሳት ይጀምራል።

ጋሼ ኤርሳዶ ተነሱ።

ወይዘሮ ብርቄ ከበሩ አጠገብ አየችኝ፤ በቃ፣ አለቀ አልኩ።

እሳቸው ግን ወደ በሩ አልዞሩም። መንገድ ላይ ቀብር ሲያጋጥማቸው እንደሚያደርጉት፣ ባሉበት ቀጥ ብለው ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከኋላቸው ቅቤ ሻጮቹ ተነሱ፣ አስተማሪዎቹ ተነሱ። ያ ነጋዴም ተነሳ። ማይክራፎኑን አጠፋሁት።

ቀብርተኛው ከተራራው ጀርባ እስኪሰወር የተቀመጠ ሰው የለም። ከዚያ ጋሼ ኤርሳዶ ቁጭ አሉና ባርኔጣውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ፊልሙ እስኪያልቅ እዚያው ቆየ፤ ከኋላቸው የነበሩትም ለመጀመሪያ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ሙሉውን አዩ።