ሰኞ የተነሳው ኮምፒውተር

የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪው ኮምፒውተር ክፉ ዓመል አውጥቷል። ዓርብ «ለመጠጥ አይሆንም» ተብሎ የተመዘገበ ውሃ፣ ሰኞ ሲከፈት «ንጹህ» ሆኖ ይገኛል። ጣት ሁሉ ወደ ቴክኒሻኗ ተቀሰረ። ትዕዛዝ እየጻፈ ማሽን የሚያናግር ሌላ ሰው በመሥሪያ ቤቱ የለማ።

ኃላፊው ከበላይ ተቆጣጣሪ አስጠሩ። የስንብት ደብዳቤዋንም ከወዲሁ ፈርመው አስቀመጡ።

በዕድሜ የገፉት ኬሚስት ኮሪደር ላይ ይዘው መከሯት። ይቅርታ ጠይቂና ነገሩ ይብረድ፣ እንጀራሽን እንዳታጪ አሏት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ሲሆን ዝም ልበል እትዬ? አልልም።»

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ ገባች። ሌሎቹ ሲደርሱ ኮምፒውተሩ ተነስቶ፣ በቀጭን ኬብል ከላፕቶፗ ጋር ተያይዞ ነበር። ሁሉም እንደ ወትሮው ሥራውን ጀመረ። የዓርቡ ውጤት በዚህ ሳምንት አልተለወጠም።

ተቆጣጣሪው መጣ። ኃላፊው ጉንፋን ጥሏቸው ቅዳሜና እሁድ ከአልጋ ውልፍት እንዳላሉ እያሳሉ ነገሩት። ውጤቱ ያልተነካውም ልጅቷ የእሱን መምጣት ስለሰማች ነው አሉ።

ተቆጣጣሪው ዓርብ ማሽኑን ነክታ እንደሆነ ጠየቃት።

«ነክቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ሁሉም ከወጣ በኋላ የማሽኑን አነሳስ በሚቀይረው በቢሲዲኤዲት ትዕዛዝ ቡት ዲበግ የሚባለውን ከፍቼ ማሽኑን አጠፋሁት። እስካሁንም አልዘጋሁትም። እናንተ ፊት ካልሆነ አልዘጋውም።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን መቱ። «ይኸው በገዛ አፏ። ለካ ለዚህ ነው ደጋግመው ቢያስነሱት ጥቁር ስክሪን ላይ ተገትሮ የሚቀረው። ንብረት አበላሽታለች፣ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

ተቆጣጣሪው ቡት ዲበግ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ማሽን ሲነሳ የሚፈጠር ስህተት የሚታደንበት መንገድ ነው አለችው። እሱ ከተከፈተ ማሽኑ መነሳት ይጀምርና ይቆማል፤ በኬብል የተያያዘ ሌላ ኮምፒውተር «ቀጥል» እስኪለው ድረስ አይንቀሳቀስም። ዛሬ ጠዋት፣ ሰው ሳይገባ፣ የእሷ ላፕቶፕ «ቀጥል» ብሎታል።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የጠበቃትን የስንብት ደብዳቤ አንስታ ወደ ኃላፊው መልሳ ገፋችው።

«ዛሬ አንድም ሰው ተገትሮ አላየውም። እርስዎ መቼ አዩት?»