የእትዬ ትብለጥ ነጭ ሽንኩርት

አረብ አገር፣ ናይፍ ሰፈር ባለው ቢድ ስፔስ፣ ሴቶቹ አልጋ በአልጋ ተከራይተው በሚኖሩበት ክፍል፣ ኮሮና ከገባ ወዲህ እትዬ ትብለጥ ጠዋት ጠዋት የሴቶቹን አፍንጫ በተላጠ ነጭ ሽንኩርት ይፈትኑ ነበር። ያልሸተታት ወደ ኳራንቲን ትሄዳለች።

የሙና ተራ ደረሰ።

«ትናንት ሽንት ቤት ስታስመልስ ነበር» አለች አንዷ። ሁሉም ሆዷን አዩ። ያለ ባል ማርገዟ ከታወቀ የሚጠብቃት እስር ቤት ነው። ሽንኩርቱ ሲቀርባት ሽታው አፍንጫዋን ሰነፈጣት፤ የአልጋውን ብረት ጨብጣ ምራቋን ዋጠች።

«ምንም አይሸተኝም። ዋላሂ!»

«ያ ረቢ! በሷ ብርጭቆ ጠጥቻለሁ!» ጮኸች ሌላዋ።

ሴቶቹ ማስካቸውን እየጎተቱ ወደ በሩ ሸሹ። እትዬ ትብለጥ ግን አልሸሹም። ሽንኩርቱን እንደገና አስጠጉት፤ የሙና ዓይን እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱን በመዳፋቸው ጨበጡና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ኮሮናስ ይለቃል፣ ልጄ። ይሄኛውን ምን ልትይው ነው?»