የሐጂ ሲራጅ ሾርባ

በዘህራባድ ከተማ ሕጉ ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ትንሽ ጆሮ ተተክሏል፤ የፈጣሪን ሲሳይ የሚያማርር ሰው ከሰማ ቀይ መብራት ያበራል፤ ሲጠራጠርም ይጠይቃል። ሁለት ጊዜ የበራበት ሰው ይታሰራል፤ ቤቱም አብሮት ለነበረው ምስክር ይሰጣል።

መንሱር "ዝናቡስ በዛ" ብሎ አንዴ በርቶበታል። ጎረቤቱ ሐጂ ሲራጅ ይህን ካወቁ ወዲህ መምጣት አብዝተዋል። በረመዳን አንድ ቀን ለማፍጠሪያ ሾርባ ይዘው መጡ።

"በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። ብላ እንጂ!" አሉ የመንሱርን አፍ እያዩ።

"እንግዳ ሳይቀምስማ አይሆንም ሐጂ" አለች ሚስቱ ናዚማ፤ የመጀመሪያውን ሳህን ለእሳቸው ሞላች።

ሐጂ አንድ ማንኪያ ቀመሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

"ይጨመርልዎት!" አለች ናዚማ።

እምቢ ማለትም ሲሳይ መግፋት ነው። በሦስተኛው ሳህን ላይ ግን አመለጣቸው።

"ኧረ ይሄ ጨው ነው እንጂ ሾርባ ነው እንዴ!"

መብራቱ በራ። ሐጂም ከዚህ በፊት አንዴ በርቶባቸው ስለነበር ላብ አጠመቃቸው። ናዚማ ዝም እንዲል ባሏን በክርኗ ጎሸመችው፤ እሱ ግን ወደ ግድግዳው ዞረ።

"ያማረሩት ሠሪውን ነው እንጂ ፈጣሪን አይደለም" አለ።

"ሠሪው ማን ነው?" አለ ጆሮው።

"እኔው ነኝ" አሉ ሐጂ።

"ጨውስ ማን አበዛው?"

"እኔው" አሉ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው። መብራቱ ጠፋ።

እሳቸው እንደወጡ መንሱር ወደ ሚስቱ ጠጋ አለ።

"ሠሪን ማማረር ይቻላል ማለት ነው?"

"ይመስላል።"

"እንግዲያው ናዚማ፣ ወጥሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨው የለውም።"

ናዚማ ወደ እሱ ዞረች።

"እኔ ደግሞ አልሐምዱሊላህ ስትል ወደድከው ብዬ፣ በየቀኑ እሱኑ ስሠራልህ!"